ከ341 ጀርባ ያለው ፊደል

ፋይሉ «ቆሼ» ተብሎ ተሰይሞ ነበር። ጊት ግን ስሙን እንዲህ አድርጎ አሳየው፦

"\341\211\206\341\210\274"

ስሙን ያወጣለት የእህቴ ልጅ ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ ይማራል። ለመመረቂያ ሥራው ከቡታጅራ ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በቆሼ ተቀምጦ የበርበሬ ዋጋ ይመዘግባል። ቆሼ የማረቆ ከተማ ናት፤ የማረቆን በርበሬ ደግሞ ወጥ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። በየገበያው ቀን የሚያገኘውን ዋጋ ሠንጠረዥ ላይ ያሰፍራል፤ ሠንጠረዦቹን ደግሞ በጊት ያስቀምጣል። ጊት ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ፋይል እንደለወጠ እየመዘገበ የሚያቆይ ሶፍትዌር ነው። ልጁ የፋይሎቹን ስም በሙሉ በአማርኛ ጽፏል። በቴሌግራም የላከልኝ የስክሪን ፎቶ ላይ ግን አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረም።

«ጋሼ፣ ስሞቹ በሙሉ ተበላሽተዋል» ይላል ከፎቶው በታች። «በላቲን ልቀይራቸው?»

«ቆይ፣ አትንካቸው። መጀመሪያ ፎልደሩን ክፈተው።»

ከፈተው። ፎልደሩ ውስጥ ቆሼም፣ በርበሬም፣ የወሩም ስም እንደተጻፉ ተቀምጠዋል። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ያለው ስም ጤነኛ ነው፤ በቁጥር የሚናገረው ጊት ብቻ ነው። ጥያቄው ተለወጠ፦ ስሙን ማን አበላሸው የሚለው ቀርቶ፣ እነዚህ ቁጥሮች ምን እያሉ ነው የሚለው ሆነ።

«በላቲን ልቀይራቸው» ማለቱ አልገረመኝም። በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የደብዳቤው ይዘት አማርኛ፣ የፋይሉ ስም ላቲን መሆኑ የቆየ ልማድ ነው። ምክንያትም ነበረው። የቀድሞዎቹ የቪዥዋል ግዕዝና የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው የአማርኛ ቅርጽ የሚያሳዩ ነበሩ። ፎንቱ ሰነዱ ውስጥ ይሠራል፤ የፋይል ስም ላይ ግን ፎንት መምረጥ ስለማይቻል «ደብዳቤ» ብሎ የጻፈ ሰው የሚያየው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ዝብርቅ ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የራሱን ቦታ ካገኘ በኋላ ያ ምክንያት ቀረ፤ ልማዱ ግን አልቀረም።

ወደ ፎቶው ተመለስን። የመጀመሪያው ፍንጭ የጎደለው ነገር ነበር። ረጅሙን የፋይሎች ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ብንቃኘው 8 እና 9 የሚባሉ አሃዞች የሉበትም። ይህን ያህል ቁጥር ተደርድሮ ሁለቱ አሃዞች አንዴም ካልታዩ፣ የሚቆጠረው እኛ በለመድነው በአስር አይደለም፤ በስምንት ነው። ሁለተኛው ፍንጭ ድግግሞሹ ነው። 341 በየሦስት ቁጥሩ ይመለሳል፤ «ቆሼ» ሁለት ፊደል ስለሆነ 341 ሁለቴ፣ «በርበሬ» አራት ፊደል ስለሆነ አራቴ።

ሦስተኛውን ፍንጭ ያገኘሁት ከጊት በፊት ብዙ ሰው ይጠቀምበት በነበረው በሰብቨርዥን ነው። አንድ የቆየ የሰብቨርዥን ቅጂ ቋንቋው ባልተስተካከለ ተርሚናል ላይ ያው «ቆ» ሲገጥመው እንዲህ ይላል፦ ?\225?\137?\134። ሌላ ቁጥር ይመስላል። በስምንት የተቆጠረውን 341 ወደ አስር ስንመልሰው ግን 3 ጊዜ 64፣ ሲደመር 4 ጊዜ 8፣ ሲደመር 1፤ ውጤቱ 225 ነው። 211 ደግሞ 137፣ 206 ደግሞ 134 ይሆናል። ሁለቱ ሶፍትዌሮች አንዱን ነገር በሁለት አቆጣጠር እየተናገሩ ነበር። ያ ነገር ባይት ነው፤ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይዟል።

ሦስቱ ባይቶች እንዴት አንድ ፊደል እንደሚሆኑ የሚወስነው ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አጻጻፍ ነው። ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 ነው የነደፉት። በሕጉ መሠረት ከ224 እስከ 239 ያለ ባይት «ከእኔ ጋር ሦስት ነን» ይላል፤ ተከታዮቹ ደግሞ ከ128 ይነሣሉ። እናስላው። 225 ሲቀነስ 224፣ 1። 137 ሲቀነስ 128፣ 9። 134 ሲቀነስ 128፣ 6። ከዚያ 1 ጊዜ 4096፣ ሲደመር 9 ጊዜ 64፣ ሲደመር 6፤ 4678። ዩኒኮድ ውስጥ 4678ኛው ቦታ ላይ የተቀመጠው «ቆ» ነው። «ሀ» ያለው 4608 ላይ ስለሆነ ልዩነታቸው 70 ነው፤ ይኸውም ስምንት ጊዜ ስምንት ሲደመር ስድስት። ከሀ በኋላ ስምንት ቤተሰብ ቆጥረን፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ቀ እንላለን። ከቀ ስድስት እርምጃ ስንሄድ ቆ ላይ እንደርሳለን።

እዚህ ላይ እኔ የረካሁ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ከፎቶው ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ጋሼ፣ የመጨረሻዋን አሃዝ ብቻ እያት እስቲ። የቆ መጨረሻ 206 ነው፤ በ6 ያልቃል። የሼ 274 ነው፤ በ4 ያልቃል። በርበሬን ስወስደው በ፣ ር፣ በ፣ ሬ፤ መጨረሻቸው 0፣ 5፣ 0፣ 4።»

ትክክል ነው። 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ። እንደ ሏ እና ሟ ያሉት ዲቃሎች በ7 ያልቃሉ። የተበላሸ የመሰለን ጽሑፍ ሀሁን ከነቤቱ እየቆጠረ ነበር።

ይህ ለእኛ ተብሎ የተደረገ አይደለም። ዩኒኮድ ፊደላችንን ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ መደበለት፤ ሰባት ለሰባቱ ቤት፣ አንድ ለዲቃላው። ጊት ደግሞ ባይቶችን በስምንት አቆጣጠር የሚያሳየው ከሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ በወረሰው ልማድ ነው። ሁለቱ ሳይነጋገሩ በስምንት ላይ ተገናኙ። በአስር የሚቆጥረው ሰብቨርዥን ላይ ይህ ሥርዓት አይታይም፤ 134 እና 188 ስለ ሳብዕና ኃምስ ምንም አይናገሩም።

ጊት ግን ለምን ስሙን በቀጥታ አያሳይም? መልሱ ከአወላለዱ ይጀምራል። ሊነስ ቶርቫልድስ ሥራውን የጀመረው በኤፕሪል 3 ቀን 2005 ነው። የሊኑክስ አልሚዎች ሲጠቀሙበት የነበረው መሣሪያ በነጻ መሰጠቱ ስለቀረ ተተኪ ያስፈልግ ነበር። በኤፕሪል 7 የመጀመሪያው ኮሚት፣ ማለትም በጊት የሚመዘገብ ለውጥ፣ ገባ። የጊት አቋም ግልጽ ነው፤ የፋይል ስም ለእሱ የባይቶች ሰልፍ ነው፤ የየትኛው ቋንቋ እንደሆነ አይጠይቅም። የተሰጠውን ባይት እንዳለ ያስቀምጣል፤ እንዳለ ይመልሳል። ሲያሳይ ግን ይጠነቀቃል። የሚያነበው ተርሚናል የትኛውን አጻጻፍ እንደሚያውቅ ስለማያረጋግጥ፣ ከእንግሊዝኛው ክልል የወጣውን ባይት ሁሉ «ያልተለመደ» ብሎ በቁጥር ይጽፈዋል። ኮር ኮትፓዝ የሚባለውን ማስተካከያ ማጥፋት ይበቃል። ልጁ አጠፋው፤ ቆሼም በርበሬም በፊደላቸው መጡ።

አንድ ግጥምጥሞሽ እዚህ አለ። ጊት ከመጀመሩ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ማርች 31 ቀን 2005፣ ዩኒኮድ 4.1 ወጥቶ ነበር። በዚያ እትም ውስጥ ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ቦታ አግኝተዋል። በ2021 የወጣው ዩኒኮድ 14 ደግሞ ለጉራጌ አጻጻፍ የተዘጋጁ ሌሎች 28 ፊደላት ጨመረ። ከጉራጌ አገር አጠገብ ሆነን እነሱን ሳንሞክር ማለፍ አልሆነልንም። ከ28ቱ የመጀመሪያውን የፋይል ስም አደረግነው። ጊት ቁጥሩ ሲበራ "\360\236\237\240" አለ፤ አራት ባይት፣ መጨረሻው 0፣ እንደ ደንቡ ግዕዝ። ቁጥሩን ስናጠፋው ባዶ ሣጥን መጣ።

ሣጥኑ አዲስ ብልሽት ይመስላል፤ ግን አይደለም። ሣጥን የሚመጣው ባይቱ ደርሶ፣ ፊደሉም ታውቆ፣ ቅርጹን የሚስል ፎንት ሲጠፋ ነው። ፊደሉን የያዘ ፎንት ሲጫን ይሞላል። በዚህ መሠረት ሦስት ዓይነት ምልክት ለየን። ቁጥር ካየህ ስሙ ደኅና ነው፤ ጊት ተጠንቅቆ ነው። ሣጥን ካየህ ስሙ ደኅና ነው፤ ፎንት ጎድሎ ነው። ቁጥር ያልተከተለው የጥያቄ ምልክት ብቻውን ተደርድሮ ካየህ ግን ፊደሉ በመንገድ ላይ ወድቆ ሊሆን ይችላል፤ ከወደቀ ከዚያ ቅጂ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የጥያቄ ምልክቱ ከየት ይመጣ እንደነበርም ታሪክ አለው። ዊንዶውስ ለብዙ ቋንቋዎች ከዩኒኮድ በፊት የነበረ የራሳቸው የኮድ ገጽ (ለፊደላት ቁጥር የሚሰጥ ሠንጠረዥ) ነበረው፤ ለአማርኛ ግን አልነበረውም። የዊንዶውሱ ጊት እስከ 2012 ድረስ ስሞችን በዚያ አሮጌ መንገድ ያስተላልፍ ስለነበር፣ ፈረንሳይኛው ሲንገዳገድ አማርኛው ጭራሹን መቆሚያ አልነበረውም። ከ1.7.10 እትም ጀምሮ ዩኒኮድን በትክክል መያዝ ጀመረ።

በዓለም ላይ ስለ ፋይል ስሞች የሚነገሩ ሁለት ትላልቅ ችግሮች ደግሞ እኛን ሳይነኩ ያልፋሉ። አንዱ የማክ ነው። ፈረንሳይኛ ላይ ጭረት ያለበት ፊደል በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ አንድም እንደ አንድ ፊደል፣ አንድም ፊደሉና ጭረቱ ተለያይተው። የቀድሞው የማክ ፋይል ሥርዓት ስሙን ነጣጥሎ ስለሚያስቀምጥ ጊት አንዱን ፋይል ሁለት አድርጎ ያይ ነበር፤ በ2012 በወጣው 1.7.12 እትም የተለየ ማስተካከያ ተበጀለት። «ሼ» ግን በዩኒኮድ ውስጥ ሸ እና ምልክት ተብሎ አይከፈልም፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ቁጥር ነው። ሌላው ችግር የትልቅና የትንሽ ፊደል ነው፤ ማክና ዊንዶውስ ሁለቱን እንደ አንድ ሲቆጥሩ ሊኑክስ ይለያቸዋል። እኛ ትልቅና ትንሽ የሚባል የለንም። «ታዲያ ልዩ ምልክት የሚሉት የእኛን ፊደል ነው?» አለ ልጁ። እስከዚያ ድረስ አንድም ችግር ከፊደሉ አልመጣም ነበር።

ችግሩ የመጣው ፕሮጀክቱን ለጓደኛው ሊያካፍል ሲል ነው። ልጁ የሚሠራው በሊኑክስ ነው፤ ጓደኛው በዊንዶውስ። ዋጋ የሚሰጡትን መሥሪያ ቤቶች ከሠንጠረዥ እያነበበ በየስማቸው ፎልደር የሚከፍት አጭር ፕሮግራም ጽፎ ነበር። ውጤቱን ሲያየው «ግብርና ጽ» የሚባል ፎልደር አገኘ፤ ውስጡ «ቤት» የሚባል ሌላ ፎልደር። «ንግድ ጽ» አለ፤ ውስጡም «ቤት»። ከወረዳው ጽሕፈት ቤቶች አንድም በሙሉ ስሙ የለም።

ጥፋተኛው እዝባሩ ነው። ጽ/ቤት፣ ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ መ/ር እያልን የምናሳጥርበት ምልክት ለኮምፒዩተር የፎልደርና የፎልደር ወሰን ነው። በሊኑክስ የፋይል ስም ውስጥ ፈጽሞ የማይገቡት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ እዝባርና ዜሮ ባይት። ከሁለቱ አንዱ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የአማርኛ ስም ላይ አለ።

ሁለተኛው እንቅፋት ጓደኛው ዘንድ ጠበቀ። የዓመቱ ፎልደር «2016 ዓ.ም.» ይባላል። ዊንዶውስ በነጥብ የሚያልቅ ስም አይቀበልም፤ ስለዚህ ጊት እዚያ ማሽን ላይ መንገዱ ልክ አይደለም ብሎ ቆመ፤ በዓ.ም. ውስጥ የነበረው ሁሉ ውጭ ቀረ። ሦስተኛውም ተከተለ። «ዋጋ: ጥቅምት» የሚል ፋይል ነበር። በሁለት ነጥብ ቦታ የተጻፈው የእንግሊዝኛው ምልክት ነው፤ ዊንዶውስ ይከለክለዋል። የእኛው «፡» ቢሆን ኖሮ በሰላም ያልፍ ነበር፤ «፣»ም «።»ም እንዲሁ። ሦስቱም እንቅፋቶች ከላቲኑ ቁልፍ የተዋስናቸው ምልክቶች ናቸው። ቆ እና ሼ የትም አልተሰናከሉም።

ስሞቹን ማረም ሲጀምር ልጁ ፈራ። «ስሙን ስቀይረው የፋይሉ ታሪክ ይጠፋል እኮ።» አይጠፋም። ጊት የፋይሉን ይዘትና ስም ለየብቻ ነው የሚያስቀምጠው። ስሙ የሚኖረው የፎልደሩ ዝርዝር ላይ ነው፤ ይዘቱ ካልተነካ መለያው አይለወጥም፤ ጊትም አሮጌውንና አዲሱን ስም ያዛምዳል። ስለዚህ እዝባሩ ወጥቶ «ጽሕፈት ቤት» ተብሎ ተጻፈ፤ «ዓ.ም.» ተቆርጦ 2016 ብቻ ቀረ። ለረጃጅም ስሞች ግን ወሰን አለ። ሊኑክስ ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ስለሆነ ይህ 85 የአማርኛ ፊደል ነው። ለዋጋ ሠንጠረዥ ይበቃል፤ ለአንዳንድ የሪፖርት ርዕስ ላይበቃ ይችላል።

ሁሉም የተስተካከለ ሲመስል የወሩን አማካይ ዋጋ የሚያሰላው ፕሮግራም የጎደሉ ቀኖች አሉ ማለት ጀመረ። ልጁ መዝግቤያለሁ ይላል። ስታግዘው የነበረችው እህቱም መዝግቤያለሁ ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ዝርዝሩን ሲከፍቱት «ሐሙስ» የሚል ፋይል አለ፤ ከፍ ብሎ ደግሞ «ሀሙስ»። የእሱ ዋጋ በአንዱ፣ የእሷ በሌላው። አንድ ቀን፣ ሁለት ፋይል፣ ሁለቱም ግማሽ። ማንም ሰው ዝርዝሩን ሲያነብ ልዩነቱን ልብ አይልም፤ አንደበት አንድ አድርጎ ያነባቸዋልና።

እዚህ ላይ ያጠፋነውን ቁጥር መልሰን አበራነው። ሐ \341\210\220፣ ሀ \341\210\200። ኀ ቢመጣ ደግሞ \341\212\200 ይሆናል። ዓይን ያሳለፈውን ቁጥሩ ያዘው። ከዚያ ዝርዝሩን ሙሉ ፈተሽነው፤ ሠንጠረዥና ሰንጠረዥ፣ ዓመትና አመት ጎን ለጎን ተገኙ።

ይህን ችግር ጊት አይፈታም፤ ዩኒኮድም አይፈታም። ለዩኒኮድ ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ በየትኛውም ደንቡ አንድ አያደርጋቸውም። ልጁ ተናደደ፤ ለጊት ሠሪዎች ጽፈን ሞክሼ ፊደላትን አንድ አድርጋችሁ ቁጠሩ እንበላቸው አለ።

እኔ አልተስማማሁም። ትግርኛ የሚጽፍ ሰው ሀ እና ሐን፣ አ እና ዐን በድምፅም በጽሑፍም ይለያል፤ ለእሱ ሁለት ፋይል ሁለት ነገር ነው። የግዕዝ ብራና የሚገለብጥ ሰውም ሠ እና ሰን ቢያደባልቁበት ቃሉ ይጠፋበታል። ጊት በእኛ ልማድ ፊደል ቢያዋህድ፣ የማኩ ፋይል ሥርዓት በፈረንሳይኛ ላይ ያደረገውን በትግርኛ ላይ ማድረጉ ነው። የጊት ጥቅሙ ፊደል አለማወቁ ነው፤ ቆሼን ከ2005 ጀምሮ ባይት ሳያጎድል ሊይዝ የቻለውም ስለማያውቅ ነው። ሞክሼ የሚለው እውቀት ያለው እኛ ዘንድ ነው፤ ደንቡም እኛው ፕሮጀክት ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ደንቡ አጭር ሆነ። እዝባር የለም። በነጥብ የሚያልቅ ስም የለም። የእንግሊዝኛው ሁለት ነጥብ የለም። ከኮሚት በፊት የሚሮጥ ስክሪፕት ደግሞ ስሞቹን ሁሉ በጊዜያዊ ቅጂ ይወስድና ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ይመልሳል፤ ሃን እና ኣንም አይረሳም። ከዚያ ሁለት ስሞች አንድ ሆነው ካገኘ ኮሚቱን ይከለክላል። ስሙን ራሱ አይለውጥም፤ የትኛው አጻጻፍ ይቆይ የሚለውን ለሰው ይተዋል። እሱና እህቱ ሐሙስ ላይ ተስማሙ።

እንዲህ ያለው ስክሪፕት ፕሮጀክቱ ሲቀዳ አብሮ አይሄድም፤ በእህቱም በጓደኛውም ኮምፒዩተር ለየብቻ መጫን ነበረበት። ጊት የሚያውቀውም ራሱ በወሰነለት የእንግሊዝኛ ስም ሲቀመጥ ብቻ ነው። ልጁ አማርኛ ስም ሰጥቶ ሞከረው፤ ስክሪፕቱ ዝም አለ፤ መልሶ በላቲን ጻፈው። ሞክሼ ፊደላትን የሚጠብቀው ፋይል፣ ከሠራቸው ፋይሎች ሁሉ የአማርኛ ስም መያዝ ያልቻለው እሱ ብቻ ሆነ።